የፖቶማክን ድልድይ ለሚሻገር ሽጉጥ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአንድ ስቴት የተሰጠ ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ በሁሉም ስቴቶች እንዲሠራ የሚያስገድደው ኤች አር 38 የተባለው ረቂቅ ሕግ በአሜሪካ በሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል፣ በተለይ በታክሲ ሾፌሮችና በሱቅ ባለቤቶች ዘንድ፣ ብዙ ደጋፊ አለው። በ2017 የተወካዮች ምክር ቤት በ231 ለ198 ድምፅ አሳልፎት ሴኔት ላይ ሲደርስ ቀረ፤ በ2025 ደግሞ እንደገና ቀርቧል። ድጋፉ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሌሊት የሚሠራና ጥሬ ገንዘብ የሚይዝ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ሆኖም ረቂቁን ልንደግፈው አይገባም እላለሁ።

ዛሬ የሚሠራው ሕግ እንዲህ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ሽጉጥ በልብስ ሥር ሸሽጎ ለመያዝ ከአካባቢው ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ፈቃድ ያወጣል። ያ ፈቃድ የፖቶማክን ወንዝ ድልድይ ተሻግሮ ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ ሲገባም ሆነ ወደ ሜሪላንድ ሲያልፍ አይሠራም፤ ሁለቱም የሌላ ስቴት ፈቃድ አይቀበሉም። ዲሲ የራሱን ፈቃድ የሚሰጠው የ16 ሰዓት ትምህርትና የ2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ ላጠናቀቀ አመልካች ነው። ሜሪላንድም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክተው ሰው 16 ሰዓት እንዲሠለጥን ትጠይቃለች። የእነዚህ ቦታዎች ነዋሪ ያልሆነም ማመልከት ይችላል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ቨርጂኒያ ግን ሥልጠና ይኑረው ትላለች እንጂ የሰዓቱን ዝቅተኛ ልክ በሕግ ሳትወስን ቆይታለች።

ዲሲ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ታጥቆ መገኘት እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ግሪን ካርድ ላለው ሰው ደግሞ ከእስሩ የባሰ ጣጣ አለ። በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት፣ ሽጉጥ ያለአግባብ በመያዝ ጥፋተኛ የተባለ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሳይታሰር ከአገር ሊባረር ይችላል። ስለዚህ የወንጀል ጠበቃው «ጥፋተኛ ነኝ በልና በገደብ ትወጣለህ» ቢለው፣ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር አለበት። ቃሉን ከሰጠ በኋላ መመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ፈቃድ የሌለው ሰው ሽጉጡን ይዞ በዲሲ ማለፍ ቢኖርበት፣ ለምሳሌ ከቨርጂኒያ ወደ ሌላ ስቴት ሲሄድ፣ በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለለት። የሚነሳበትም የሚደርስበትም ቦታ መሣሪያውን በሕጋዊ መንገድ የሚይዝበት መሆን አለበት። ሽጉጡ ጥይት አይኖረውም፤ ሽጉጡም ጥይቱም ከተቀመጠበት እጁን ዘርግቶ የሚያገኘው ቦታ አይሆኑም። መኪናው የተለየ የዕቃ ማስቀመጫ ከሌለው በተቆለፈ ሳጥን ይቀመጣሉ። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ኪስና በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለው ሳጥን ቢቆለፉም አይቆጠሩም። ብዙዎች የሚያዙት እዚህ ላይ ነው። ሕጉ የሚጠብቀው መንገደኛን ስለሆነ፣ ዲሲ ሱቁ ውሎ ማታ የሚመለስ ሰው በዚህ አይከለልም።

ጥይት ማውጣቱም ቅደም ተከተል አለው። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዞራል፣ ጣት ከምላጩ ይርቃል። ከዚያ መጀመሪያ ካርታው፣ ማለትም ጥይቶቹ የሚደረደሩበት ማስቀመጫ፣ ይወጣል፤ ቀጥሎ ተንሸራታቹ የላይኛው ብረት ወደኋላ ተስቦ የጎረሰው ጥይት ይወድቃል፤ በመጨረሻ ጥይት የሚጎርስበት ቦታ ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል። ያልሠለጠነ ሰው ይህን ይገለብጠዋል። ብረቱን ስቦ አንድ ጥይት ሲወድቅ ያይና ካርታውን ያወጣል። ብረቱ ወደ ቦታው ሲመለስ ግን ካርታው ውስጥ የነበረውን ቀጣዩን ጥይት አጉርሶታል። ካርታው በእጁ ነውና ባዶ ነው ብሎ ምላጩን ይስባል። በ«ባዶ» ሽጉጥ ሰው የሚሞትበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። በመምህር ፊት ደጋግሞ የሠራው ሰው ይህን አይሳሳትም፤ እነዚያ 16 ሰዓታት አስፈላጊ የሆኑትም ለዚህ ነው።

ኤች አር 38 ቢጸድቅ የቨርጂኒያ ፈቃድ ያለውን ሾፌር ከእስር ያድነዋል፤ ይህ እውነት ነው። ግን 29 ስቴቶች ያለ ምንም ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ ፈቅደዋል። ከነዚያ የመጣ ሰው መታወቂያውን ብቻ ይዞ፣ አንድ ሰዓት ሳይሠለጥን፣ የእኛ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት ጎዳና ታጥቆ መሄድ ይችላል ማለት ነው። አምሽቶ በሚሠራ ቤት ውስጥ የሚነሳ ጠብ ምን እንደሚመስል ባለቤቶቹ ያውቁታል። ሁለት ያልሠለጠኑ ታጣቂዎች ሲጨመሩበት የሚሳተው ጥይት የሚያርፈው ከባንኮኒው ጀርባ ባለው ሠራተኛ ላይ ነው።

ረቂቁ የማይነካው ሌላ ወጥመድም አለ፤ የዘመድ ውለታ። ከሱቅ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው በሚሞላው ቅጽ 4473 ላይ እውነተኛው ገዢ እሱ መሆኑን ይጠየቃል። አብራምስኪ የተባለ የቀድሞ የቨርጂኒያ ፖሊስ ለአጎቱ ሽጉጥ ገዝቶ «ገዢው እኔ ነኝ» ብሎ ፈረመ፤ ገንዘቡ ግን የአጎቱ ነበር። አጎትየው ራሱ መግዛት ይችል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 ጥፋተኝነቱን በ5 ለ4 አጸና። በራስ ገንዘብ ገዝቶ መግዛት ለሚፈቀድለት ሰው በስጦታ መስጠት በፌዴራል ሕግ ይቻላል፤ በሰው ገንዘብ በራስ ስም መግዛት ግን ወንጀል ነው። በእኛ ቤት «ወንድሜ፣ አንተ ግዛልኝ፣ እኔ እከፍልሃለሁ» ማለት የተለመደ ነውና ይህን ማወቅ ይበጃል።

ድምፃችንን በሌላ ጉዳይ ላይ ብናውለው እመርጣለሁ። ዲሲ በ2004 ያወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛችንንም ያቅፋል። የማኅበር መሪዎቻችን ለከተማው ምክር ቤት ጽፈው፣ የመሣሪያ ምዝገባው ቅጽ፣ የመያዝ ፈቃዱ መመሪያና የ18 ሰዓቱ ሥልጠና በአማርኛ እንዲቀርቡ ይጠይቁ። ሜሪላንድ ሽጉጥ ለመግዛት የምትጠይቀው የ4 ሰዓት ትምህርትም እንዲሁ። ምክር ቤቱ በየዓመቱ የፖሊስን ሥራ ሲገመግም ሕዝብ ቀርቦ እንዲናገር ይፈቅዳል፤ ጥያቄው እዚያ በቃልም በጽሑፍም ይቅረብ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመሣሪያ አያያዝ አሠልጣኝ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ