የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የምን ዘጠኝ ያርድ?

ክበባችን ዘንድሮም እንደ ልማዱ ክርክርና የፊደል አጻጻፍ ውድድር አካሂዷል፤ በሚኒ ሚዲያም አጫጭር ዝግጅቶችን አቅርቧል። በሰፊው ላወጋችሁ የምፈልገው ግን በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አባላቱን ስላነጋገረው አንድ የአሜሪካውያን የአራዳ አባባል ነው፤ «ዘ ሆል ናይን ያርድስ»።

ቃል በቃል «ዘጠኙንም ያርድ» ማለት ነው፤ ያርድ ሦስት ጫማ የሚሆን የርዝመት መለኪያ ነው። እኛ «ከሀ እስከ ፐ» እንደምንለው፣ አንድ ነገር ምንም ሳይጎድለው ሲሟላ ይነገራል። በዚህ የተከራከረ የለም። ክርክሩ የተነሣው አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ «የምን ዘጠኝ ያርድ ነው?» ብላ ስትጠይቅ ነው።

ፈልጉ ስንላቸው እያንዳንዱ ቡድን የየራሱን ታሪክ ይዞ መጣ። አንዱ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላን የጥይት ዝናር 27 ጫማ፣ ማለትም 9 ያርድ ይረዝም ነበር፤ ጥይቱን አሟጦ የተኮሰ አብራሪ «ዘጠኙንም ያርድ ሰጠሁት» ይል ነበር አለ። ሌላው የኮንክሪት መኪና 9 ኪዩቢክ ያርድ ይጭናል አለ። ሦስተኛው ለሙሉ ልብስ የሚበቃ ጨርቅ ነው ብሎ ተሟገተ። የብዙዎቹ ልብ ያረፈው አውሮፕላኑ ላይ ነበር።

እኔም አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው፤ አባባሉ መጀመሪያ የታተመው መቼ ነው? ቦኒ ቴይለር ብሌክና ፍሬድ ሻፒሮን የመሳሰሉ አሳሾች የቆዩ የአሜሪካ ጋዜጦችን አገላብጠው ያገኙት ነገር ያስገርማል። በኢንዲያና የምትገኝ የአንዲት ትንሽ ከተማ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1907 ስለ ቤዝቦል ጨዋታ ስታወራ «ሙሉውን ዘጠኝ ያርድ» ብላለች። በ1908 ደግሞ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ረጅም ወሬ ይዞ ስለተመለሰ ሰው ጽፋ፣ አንድ ቀን ያልጠረጠረ አድማጭ ይዞ ሙሉውን ዘጠኝ ያርድ ሳያወራለት አይቀርም ትላለች። ጦርነቱ የተጀመረው በ1939 ነው። የአውሮፕላኑ ታሪክ እዚያው ላይ ወደቀ፤ ኮንክሪት እያቦካ የሚጓዝ መኪናም በ1907 ገና አልተለመደም ነበር።

የጨርቁ ቡድን ግን ደስ አለው፤ ጨርቅ በያርድ የሚሸጠው ከዚያ በፊት ጀምሮ ነውና። ሆኖም በ1912 አንድ የኬንተኪ ጋዜጣ «ሙሉውን ስድስት ያርድ» ብሎ ጽፏል፤ በ1921ም በደቡብ ካሮላይና በአንድ ጋዜጣ ርዕስ ላይ ስድስቱ ተደግሟል። ስድስትም ዘጠኝም መሆን ከቻለ ቁጥሩ የተለካ ነገር አይመስልም። ሻፒሮ እንደሚለው ቁጥሩ በሰው አፍ እያደገ የሄደ ነው፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። «ያርድ» ለምን እንደተመረጠ ግን ሁሉንም ያሳመነ ማስረጃ እስካሁን አልቀረበም።

በጣም ያስደሰተኝ ለአውሮፕላኑ አጥብቆ ሲሟገት የነበረው ተማሪ ነው። በሚኒ ሚዲያ ቀርቦ የራሱን ታሪክ በቀን በቀኑ እያስረዳ ያፈረሰው እሱ ራሱ ነው።

አባላቱ ለመጪው ዓመት «ኦኬ»ን መርጠዋል፤ ቃሉ መጀመሪያ ታትሞ ከተገኘበት ከእ.ኤ.አ. 1839ኙ የቦስተን ጋዜጣ እንጀምራለን። ምዝገባው በመስከረም ስለሆነ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በብዛት እንድትመጡ እጋብዛለሁ።