ክዳኖቹን አትጣያቸው

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? አባባስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አንቺን ኑሮ፣ እኔን ሥራና ልጅ ይዞን ይኸው ድምፃችን ከተሰማማ ስንት ጊዜ ሆነ። የእማማን ማረፍ ሰምቼ የደወልኩ ቀን መስመሩ እየተቆራረጠ በወጉ እንኳ ሳንጽናና ቀረን። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሁለታችንንም እኩል ያጎርሱን የነበረው ፍርፍር ትዝ ባለኝ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

አዳማ ላይ ምግብ ቤት መክፈትሽን የነገረችኝ ታናሽሽ ናት። ፎቶም ልካልኛለች። እንኳን ደስ አለሽ! ያን ሁሉ ዓመት በሰው ቤት ስትለፊ አውቃለሁና ከልቤ ነው የምልሽ። ፎቶውን አስፍቼ ሳየው ከባንኮኒው ጀርባ ውኃና ለስላሳው ተደርድሯል። በቀን ስንት ሃይላንድ እንደሚከፈት ገመትኩ። ሠርግና ምርቃት ሲኖር ደግሞ አስቢው። ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ እሱ ነው። የምለምንሽ ነገር አለ፤ የፕላስቲክ ጠርሙሶቹን ክዳኖች አትጣያቸው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። እዚህ ፈረንሳይ «የፍቅር ክዳኖች» የሚባል ማኅበር አለ፤ በእነሱ ቋንቋ ሌ ቡሾን ዳሙር ይሉታል። በፈረንጆቹ 2001 ነው የተቋቋመው። ዣን ማሪ ቢጋር የሚባል የታወቀ ኮሜዲያን ከጎኑ ቆሞለታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሰዉ ክዳን እቤቱ ያጠራቅማል። ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ወይም ሱቅ በር ላይ የተቀመጠ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይጨምራል። በጎ ፈቃደኞች ለቅመው በጆንያ ያሽጋሉ። ሲበዛ በቶን ለፋብሪካ ይሸጣል። ገንዘቡ ለአካል ጉዳተኞች ተሽከርካሪ ወንበርና ሌላም መገልገያ ይገዛበታል። ክዳኑ ራሱ ተፈጭቶና ቀልጦ ፓሌት ይሆናል፤ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚደረደርበትን መደብ ማለቴ ነው።

እኔ የምሄደው ለቀማው ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ መጋዘን ውስጥ እንሰበሰባለን። ጆንያው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፍ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደወረደ በረዶ ነው። የለስላሳና የወተት ሽታ አለው፤ ሳይታጠብ የመጣው ያስታውቃል። ከዚያ እጅ ሥራ ይጀምራል። ብረቱ ወደዚህ፣ ቡሹ ወደዚያ። ባትሪ፣ ሳንቲም፣ የልጅ መጫወቻ ሁሉ ይገኝበታል። ከጎኔ የሚቀመጡ አንዲት አሮጊት አሉ። የአንዳንዱ ክዳን ሆድ ውስጥ የተለጠፈችውን ቀጭን ወረቀት በቢላ ጫፍ ነቅለው ያወጣሉ። አንድም አያመልጣቸው። «ይቺ ከገባች ጆንያውን በሙሉ ታበላሻለች» ይላሉ። እኔም ከእሳቸው ተምሬ ቢላ ይዤ እሄዳለሁ።

ለምን ክዳኑ ብቻ ትዪ ይሆናል። ጠርሙሱና ክዳኑ አንድ ፕላስቲክ አይደሉም። ጠርሙሱ ፔት ነው። ክዳኑ ደግሞ ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው። ልዩነቱን ወጥ ቤትሽ ውስጥ ማየት ትችያለሽ። ሳፋ ውስጥ ውኃ አድርጊ። ከሃይላንዱ ትንሽ ቁራጭ፣ ከክዳኑም ትንሽ ቁራጭ በመቀስ ቁረጪና አየር እንዳይዙ ውኃው ውስጥ ጫን አድርገሽ ልቀቂያቸው። የጠርሙሱ ቁራጭ ይሰምጣል። የክዳኑ ተመልሶ ብቅ ይላል። ፋብሪካዎቹም የሚለዩት በዚሁ ነው፤ ሁሉንም ፈጭተው ውኃ ውስጥ ይጨምሩታል። ልጆችሽ ይወዱታል፣ አሳያቸው።

የፈረንሳዩ ብቻ አይደለም። ቱርክ ውስጥ በሰማያዊ ክዳን ስም የታወቀ ዘመቻ ነበር። 250 ኪሎ ክዳን አንድ ተሽከርካሪ ወንበር ያስገኝ ነበር። አንዱ ክዳን ከ2 ግራም ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ አንድ ወንበር ማለት ከመቶ ሺህ በላይ ክዳን ነው። ጀርመን ሮታሪ የሚባለው የበጎ አድራጎት ክለብ ሰዎች በ500 ክዳን የአንድ ልጅ የፖሊዮ ክትባት ይሸፍኑ ነበር፤ እስከ ፈረንጆቹ 2019 ሠርተው አቁመዋል። ጃፓኖችም በክዳን ክትባት ይገዛሉ።

መቶ ሺህ ሲባል ተስፋ ያስቆርጣል። እኔን ግን ያ ቁጥር አላስፈራኝም። የታች ሰፈሩን ልጅ ታስታውሺዋለሽ አይደል? እናቱ እስከ አራተኛ ክፍል በጀርባዋ አዝላ አመላለሰችው። ከዚያ ከበዳት። ወገቧም እምቢ አለ። እቤት ቀረ። ሒሳብ ከሁላችን ይበልጥ ነበር። በጭንቅላቱ ሳይሆን በእግሩ ነው ከትምህርት የወጣው። መጋዘኑ ውስጥ እጄ ሲደክም የማስበው እሱን ነው። መንኮራኩር ያለው አንድ ወንበር ቢኖር ኖሮ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። እዚያ ስትሰበስቢ እዚህ እንደምንሰበስበው አይሆንም። ቶን ሙሉ የሚገዛ ፋብሪካ አለ፣ የሚያጓጉዝ አለ ብለሽ ሳታጣሪ ጆንያ መሙላት የለብሽም። እዚሁ የማውቀው አንድ ትምህርት ቤት ልጆቹን አነሳስቶ መጋዘን ሞላ። አስቀድሞ ግን ተረካቢ አላፈላለገም ነበር። ክዳኑ አቧራ ጠጥቶ ከቆሻሻው ጋር ሄደ። ልጆቹ ናቸው ያሳዘኑኝ፤ ሁለተኛ ክዳን አምጡ ቢባሉ የሚያመጡ አይመስለኝም። ቴሌግራም ላይ «ይህን ያህል ክዳን ያመጣ ለታመመ ልጅ ሕክምና ይከፈልለታል» የሚል መልእክትም ይዞራል። ገዢው ማን ነው፣ ገንዘቡ የት ይገባል ብለሽ ጠይቂ። መልስ ከሌለው እለፊው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቆራሌዎቹን አነጋግሪ። እነሱ ሃይላንዱን ሲወስዱ ታያቸዋለሽ። ክዳኑን ለብቻው በኪሎ የሚቀበል አለ? ቀለሙ ተለይቶ ከሆነ ዋጋው ይለያል? ማንም ባለሥልጣን ከሚያውቀው በላይ እነሱ ያውቃሉ። አዲስ አበባም ኩቢክ የሚባል ድርጅት አለ፤ ቅዱስ አስፋው የመሠረተው። ፕላስቲክ ቆሻሻን የግንባታ ዕቃ ያደርጋል። አዳማ ደግሞ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ደጃፍሽ ላይ ነው። ዴቭ ሃከንስ የሚባል ሆላንዳዊ በፈረንጆቹ 2013 ፕሬሸስ ፕላስቲክ በሚል ስም የመፍጫና የማቅለጫ ማሽኖች ንድፍ ለዓለም በነፃ ለቋል። ማንም አውርዶ መሥራት ይችላል። ምሳ ሊበሉ ከሚመጡት ተማሪዎች መካከል ብየዳ የሚችል አይጠፋምና ንገሪያቸው። እስከዚያው አንቺ ራስሽ ከሰል ላይ አቅልጬ ልሞክር እንዳትዪ አደራ። ጭሱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ገዢ እስኪገኝ ግን ክዳኑ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። እኔ በጣም የምወደውን ልንገርሽ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እዚህ የተወለዱትን ልጆች ፊደል እናስቆጥራለን። ገበታው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ልጆቹ አንጋጠው ያዜማሉ እንጂ ፊደሉን አይለዩትም። «ሀ ሁ ሂ» ብሎ እስከ «ፖ» የሚወርደው ልጅ «ሩ»ን ለብቻዋ ብታሳዪው ዝም ይላል። ስለዚህ በክዳን አደረግነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሆሄ 231 ክዳን ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ሆሄ አንድ ቀለም መደብን። ግዕዙ ነጭ፣ ካዕቡ ሰማያዊ፣ ሣልሱ ቀይ፣ ራብዑ አረንጓዴ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። አናቱ ላይ በማይለቅ ማርከር ይጻፋል። አሁን ልጁ «ሩ»ን ከተበተነው ክምር ውስጥ ፈልጎ ያወጣል። ሰማያዊ መሆኗን ያውቃል፤ ካዕብ ናትና። ስሙን ጠረጴዛው ላይ በክዳን ይጽፋል። አፍርሶ የእናቱን ስም ይጽፋል።

ለትንንሾቹ ሌላ አለን። የጠርሙሱን አንገት ቆርጠን ወፍራም ካርቶን ላይ እናጣብቃለን። ከአንገቱ ሥር «በ» ተብሎ ይጻፋል። ልጁ «በ» የተጻፈበትን ክዳን ፈልጎ ያጠብቀዋል። ማጥበቅና መፍታቱ ጣታቸውን ያበረታል፤ እርሳስ ሲይዙ ታዪዋለሽ። አንድ ነገር ልብ በዪ። የውኃውና የለስላሳው አንገት ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ከአንድ ዓይነት ጠርሙስ ብቻ ውሰጂ፣ አለበለዚያ ልጆቹ አልገጥም ሲላቸው ይተዉታል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ በፍጹም አትስጪ። አፉ ውስጥ ይከተዋል፣ ያንቀዋል። የመጨረሻ ልጅሽ ገና ትንሽ ናት ብለውኛልና ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪ።

እዚያ ሰፈርሽ ያለውን መዋዕለ ሕፃናት አስቢ። የፊደል ገበታ ለሁሉም ልጅ አይዳረስም። ክዳን ግን ይዳረሳል። ላንቺ የሚያስወጣሽ ማርከርና የሳሙና ውኃ ነው። አስተማሪዋን ምሳ ጋብዢያትና አሳያት፤ ቀለሙን እሷ ራሷ ትመርጣለች።

ለደንበኞችሽ ደግሞ ዳማ አለልሽ። የኛ ሰው በቆርኪ መጫወቱን መቼም ታውቂያለሽ፤ የአንዱ ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች ተገልብጦ። በፕላስቲኩ ክዳን ደግሞ መገልበጥም አያስፈልግም። 12 ሰማያዊ፣ 12 ነጭ፣ በቃ። ጠረጴዛው ላይ ሰሌዳውን አስቀቢው። ጥብስ እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው አይነጫነጭም። ለወንዶቹ ልጆችሽ የሃይላንድ መኪና ሥሪላቸው፤ ያንቺ ታላቅ ወንድም ይሠራው እንደነበረው፣ አራት ክዳን ጎማ ሆኖ በሽቦ የተያያዘ። እሱ መኪና ቁልቁለቱ ላይ ሲፈጥን ሰፈሩ በሙሉ ይጮህ ነበር።

የማልወደውንም ልንገርሽ። በክዳን የውጭ ግድግዳ ማስጌጥ ፎቶው ላይ ያምራል። የአዳማ ፀሐይ ግን አይምረውም። ፕላስቲክ ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ እየተፈረፈረ አፈር ውስጥ ይገባል። ያኔ ለቅመሽ አትጨርሺውም። ከቤት ውስጥ ከሆነ እሺ፤ ሕፃናቱ ክፍል ግድግዳ ላይ ትልቅ ዓሣ ወይም አደይ አበባ ቢሠሩበት ደስ ይለኛል።

አያያዙን በአጭሩ፦ የለስላሳው ክዳን ስኳር ስላለው ሳይታጠብ ካስቀመጥሽው ጉንዳን ይወርሰዋል። ማታ ዕቃ ሲታጠብ አብሮ ይታጠብ። ደህና አድርጎ ይድረቅ፤ እርጥብ ጆንያ ውስጥ ከገባ ይሻግታል። የቢራውን ቆርኪ አትቀላቅዪ፣ እሱ ብረት ነው። አንገቱ ላይ የሚቀረውን ቀለበት ለማውጣት አትድከሚ። ለአስተናጋጆቹ አንድ ባልዲ ባንኮኒው ሥር አድርጊላቸው፣ ይለምዱታል።

ደግሞ አንድ ዜና። እዚህ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ እስከ 3 ሊትር የሚይዝ የመጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑ እንዳይነጠል ሆኖ ነው የሚመረተው። ስትከፍቺው እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ አፍንጫሽን እየነካ። ብዙ ሰው ተማረረበት። ምክንያቱ ግን ልክ ነው። የተነጠሉ ክዳኖች በባሕር ዳርቻ በብዛት ከሚገኙት ቆሻሻዎች መካከል ናቸው። ስለዚህ የኛ ማጠራቀሚያ ላይ የሚመጣው የውኃ ክዳን እንደ ድሮው አይደለም፤ የሳሙናው፣ የወተቱ፣ የሻምፖው ነው አሁን የሚበዛው። እናንተ ጋ ግን ክዳኑ ገና ይነጠላል። ከጠርሙሱ ተለይቶ ቦይ ውስጥ ይገባል። ክረምት ሲመጣ ቦዩ የት የት እንደሚደፈን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ለገና ልመጣ አስቤአለሁ፤ ፈቃድ ከተሰጠኝ። እስከዚያ ነጩንና ሰማያዊውን ለየብቻ አጠራቅሚልኝ። ማርከሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ፣ እዚያ ቶሎ ይደርቃል ብላኛለች እህትሽ። አንድ ቀን ምግብ ቤቱን ቶሎ ዘግተን ልጆቹን ሰብስበን 231ዱንም እንጽፋለን። የታች ሰፈሩ ልጅ የት እንዳለም አጠያይቂልኝ። እናቱ በሕይወት ካሉ ሄደን እንጠይቃቸዋለን።

ቆራሌዎቹ የሚሉሽን በቴሌግራም በድምፅ ላኪልኝ፤ መጻፍ እንደማትወጂ አውቃለሁ። አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ታናሽሽን ስለ ፎቶው አመስግኚልኝ።

ያንቺው
ናፋቂ እህትሽ