«ያዙት!» ሳይባል ማከም ይቻላል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አዲስ አበባ ውስጥ የጥርስ ክሊኒክ ሞልቷል። እንደ ወንድሜ ላለ ሰው የሚሆን ማግኘት ግን አሁንም ጭንቅ ነው።

ወንድሜ ኦቲዝም አለበት። ሃያዎቹን ዕድሜ ይዟል፤ አይናገርም። አምና ድንገት ጉንጩን በቡጢ መምታት ጀመረ። እንጀራ ሲቀርብለት ይገፋል፣ ሌሊት አይተኛም። ቤት ውስጥ ሁሉም «አመሉ ተቀየረ» አለ። መድኃኒት ይጨመርለት ያለ ነበር፣ ጸበል ይሂድ ያለም ነበር። በኋላ ሲታይ የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ተቦርቡሮ ድዱ መግል ቋጥሯል። እናቶችና አስታማሚዎች ሆይ፣ መናገር የማይችል ሰው ጠባዩ በድንገት ሲለወጥ እባካችሁ አፉንም እዩለት።

መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ወንበሩ ላይ ገና ሲቀመጥ መብራቱ ዓይኑ ላይ በራ። መሣሪያው ጮኸ፣ እሱም ጮኸ። «ያዙት!» ተባለና አራት ሆነን ያዝነው። አልሆነም። «እንዲህ ዓይነቱን እኛ አንሠራም» ብለው መለሱን። ከዚያ በኋላ ነጭ ጋውን ባየ ቁጥር ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሌላ ቦታ ያገኘናቸው ሐኪም ግን በጠዋት፣ ሌላ ታካሚ ሳይመጣ ኑ አሉን። መብራቱን አጠፉት። ትንሿን መስታወት በእጁ አስያዙት፤ ከዚያ ተቀብለው መጀመሪያ የእኔን አፍ እያዩ አሳዩት። የዚያን ቀን ጥርሱን ከመቁጠር ሌላ ምንም አልሠሩም። በኋለኛው ቀጠሮ ራሱ ወንበሩ ላይ ወጣ፤ ጥርሱም በማደንዘዣ መርፌ ተነቀለለት። የተለየ ማሽን አላስፈለጋቸውም፤ ጊዜ ሰጡት።

እንዲህም ተደርጎ የማይሆንላቸው አሉ። እነሱ ሙሉ ሰመመን ያስፈልጋቸዋል። ይህ የሰመመን ባለሙያና የተሟላ ክፍል ስለሚፈልግ ከሰፈር ክሊኒክ አቅም በላይ ነው። ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች ለዚህ ሥራ የታወቀ ቀን ይመድቡልን።

የሚጥል በሽታ ላለባቸው የሚታዘዘው ፌኒቶይን የአንዳንዱን ሰው ድድ አሳድጎ ጥርሱን እስኪሸፍን ያደርሳል። መድኃኒቱን በራስ ማቋረጥ አደገኛ ነው። በየቀኑ ጥርስን በደንብ መቦረሽ ግን እብጠቱን ይቀንሰዋል። ይህን ለእኛ የነገረን አልነበረም። ስኳር ያለበት ሰውም ድዱ ቶሎ ይታመማል፤ የታመመው ድድ ደግሞ ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። መስማት የተሳነው ታካሚ ሐኪሙ ማስክ አድርጎ ሲያናግረው ከንፈሩን ማንበብ አይችልም። ብዕርና ወረቀት እንኳ ቢቀርብለት ትልቅ ነገር ነው።

በዊልቸር የሚሄደውስ? ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ይቆማል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው ካዘዘ ስንት ዓመቱ! አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀችውም በ2002 ዓ.ም. ነው። ስምምነቱ ጤናን ከሌላው ሰው እኩል የማግኘት መብት ይሰጣል፤ ጥርስ ደግሞ ከጤና ውጭ አይደለም።

ጤና ሚኒስቴር እነዚህን ታካሚዎች የሚቀበሉ ክሊኒኮችን ዝርዝር ያውጣልን። የጥርስ ሕክምና የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸውን ከመመረቃቸው በፊት ወደ ኦቲዝም ማዕከላት ይላኩ፤ ልጆቹን እዚያው ይልመዷቸው። ክሊኒኮች ደግሞ ለቀጠሮ ስንደውል «ታካሚው ምን ያስፈልገዋል?» ብለው ይጠይቁን፤ የጠዋቱን የመጀመሪያ ሰዓትም ይስጡን።

እህቱ፣ ከኮልፌ