ነጻ የወጡት ሰዎች ለትምህርት ቤቶቻቸው ከፍለዋል

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በደቡብ ስለተከፈቱት የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። ጽሑፉ ትምህርት ቤቶቹን ከመንግሥትና ከሰሜን ሚሲዮናውያን የተሰጡ ስጦታዎች አድርጎ ነው ያቀረባቸው። ከባርነት የወጡት ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ከመቀበል በቀር ምንም ያላደረጉ ይመስላሉ። እውነቱ እንዲህ አይደለም።

መንግሥት ምን ሠራ? ኮንግረስ ከባርነት የወጡትን ሰዎች እንዲረዳ የፍሪድመንስ ቢሮ የተባለውን መሥሪያ ቤት በማርች 1865 አቋቋመ። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ቢሮው ቤት ይከራይ፣ ሕንፃ ያስጠግን፣ ለመምህራን መጓጓዣ ይከፍል ነበር። ለመምህር ደመወዝ እንዲከፍል ግን ሕጉ አልፈቀደለትም። የሰሜን ማኅበራት የቻሉትን ያህል መምህራን ቀጥረው ልከዋል። ውለታቸውን አልክድም። ነገር ግን ብዙዎቹን የላኩት ወደ ከተሞች ነው። ከተማ ውስጥ ማደሪያ ይገኛል፤ ወታደርም ቅርብ ነው።

ገጠሩ ሌላ ነበር። የአካባቢው ነጮች ለጥቁሮች መምህር ቤት አናከራይም ይሉ ስለነበር መምህሯ ብዙ ጊዜ የምታድረው ከተማሪዎቿ ቤተሰብ ጋር ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በቤተ ክርስቲያን ወይም ወላጆች ራሳቸው በሠሩት የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። ጥጥ ሲዘራና ሲለቀም ልጆቹ እርሻ ላይ ስለሚውሉ ክፍሉ ባዶ ይሆናል። አባትና እናት ደግሞ ቀን ሲሠሩ ውለው ማታ ፊደል ሊቆጥሩ ይመጣሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በብዙዎቹ የደቡብ ግዛቶች ባሪያን ማንበብ ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበር።

ታዲያ ወጪውን ማን ቻለው? በ1866 መገባደጃ በጆርጂያ ከነበሩት 123 የቀንና የማታ ትምህርት ቤቶች ቢያንስ 96ቱን ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ይደጉሙ የነበሩት ነጻ የወጡት ሰዎች ናቸው። ከሕንፃዎቹም 57ቱ የራሳቸው ነበሩ። አብዛኞቹ መሬት የላቸውም። በሰው እርሻ ላይ በውል ወይም በእኩል አራሽነት የሚኖሩ ናቸው። ነጻ ከወጡ ገና ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የሉዊዚያናው ነው። በዚያ የሰሜኑ ጦር በ1864 በግብር የሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች ከፍቶ ነበር። በ1865 መጨረሻ ግብሩ መሰብሰቡ ቆመ፤ ትምህርት ቤቶቹም ሊዘጉ ሆነ። ይህን ጊዜ ነጻ የወጡት ሰዎች «ለልጆቻችን ትምህርት እኛን ግብር አስከፍሉን» ብለው አቤቱታ አቀረቡ። የፍሪድመንስ ቢሮ የትምህርት ኃላፊ የነበሩት ጆን አልቮርድ ከአቤቱታዎቹ አንዱን በዓይናቸው አይተውታል። ርዝመቱ ቢያንስ 30 ጫማ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ ነበር። የቀረበውም በ10 ሺህ ሰዎች ስም ነው። መጻፍ የማይችሉት ወላጆች በስማቸው ቦታ የኤክስ ምልክት አድርገዋል። ግብር ጣሉብን ብሎ የሚለምን ሕዝብ እናንተ ስንት ጊዜ አጋጥሟችኋል?

መምህራኑም ሁሉ ነጮች አልነበሩም። ጥቂት የማይባሉት ጥቁሮች ናቸው። አንዷ የኒውዮርኳ ኤድሞኒያ ሃይጌት ናት። በ1866 በሉዊዚያና ላፋዬት ፓሪሽ በተባለ ወረዳ ስታስተምር 22 ዓመቷ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በጻፈችው ደብዳቤ ተማሪዎቿ ከሦስት፣ ከአራት፣ አንዳንዶቹም ከስምንት ማይል ርቀት በእግራቸው እየመጡ እንኳ እንደማያረፍዱ ትናገራለች። ክፍሏ ውስጥ እያለች ሁለት ጊዜ ተተኩሶባታል። ከማታ ተማሪዎቿም በጥይት የቆሰሉ ነበሩ። ጦሩ ያለው ኒው ኦርሊንስ ነው፤ ይደርስልናል የምትለው ርቀት አይደለም። እሷ ግን ማስተማሯን አላቋረጠችም። እንዲህ ያለች መምህርት በጽሑፋችሁ ውስጥ ስሟ እንኳ አለመነሳቱ አሳዝኖኛል።

እዚህ ዋሽንግተን ውስጥ ብዙዎቻችን በየቀኑ የምናልፍበት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። በ1867 ሲቋቋም መምህራንን ማሠልጠን ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ነበር። ስሙን ያገኘው የፍሪድመንስ ቢሮን ይመሩ ከነበሩት ጄኔራል ኦሊቨር ሃዋርድ ነው። የእኛው ዶክተር መላኩ በያንም ሕክምና የተማሩት እዚያ ነው።

ሁለተኛ ክፍል እናወጣለን ብላችኋል። እንግዲያው ከመጻፋችሁ በፊት መምህራን በየወሩ ለቢሮው ይሞሉት የነበረውን ቅጽ እንድትመለከቱ እጠይቃችኋለሁ። ቅጹ የትምህርት ቤቱ ሕንፃ የማን እንደሆነ ይጠይቃል። ነጻ የወጡት ሰዎች ወጪውን ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ይሸፍኑ እንደሆነም ይጠይቃል። የቢሮው መዛግብት ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ። መልሱን የሞሉት እዚያው ክፍል ውስጥ የነበሩ መምህራን ናቸውና ከእነሱ ብትጀምሩ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ