ባቄላችን ለምን ድብልቅ ሆነ?

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን «ይሄ ባቄላ ትልቁም ትንሹም፣ አረንጓዴውም ቡናማውም አለበት፤ ደባልቃችሁብን ነው ወይ?» የምትሉን በዝታችኋል። ኧረ አልደባለቅንም! ከኩታበርና ከጉጉፍቱ የምናመጣው ያገር ባቄላ ከማሳው ሲወጣም እንዲሁ ነው። ንብ ካበባ አበባ ስትዞር ታዳቅለዋለች፣ ገበሬውም ለዘር የሚያስቀረው ከራሱ ጎተራ ስለሆነ አንድ ማሳ ላይ ቀድሞ የሚደርስም፣ የሚዘገይም፣ ውርጭ የሚችልም አብሮ ይበቅላል።

አዲስ ዝርያ የሚያወጡ ተመራማሪዎችም የሚፈልጉት ይህንኑ ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ያለው፣ በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው ጂን ባንክ ከየገበሬው የተሰበሰበ ዘር በቅዝቃዜ ያቆያል። ሸጋ ሥራ ነው። ግን እዚያ የተቀመጠ ዘር አዲስ በሽታ አያይም፤ ማሳ ላይ ያለው ግን በየክረምቱ ይፈተናል። ቅጠሉን እያሳበጠ የሚያኮራምተው በሽታ ባቄላችንን ምን እንዳደረገው የደጋ ዘመድ ያላችሁ ታውቃላችሁ።

ምግብነቱስ? ከደረቅ ባቄላ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ያገር ስለሆነ ሁሌም ይበልጣል ብለን ግን አንዋሽም፤ ፕሮቲኑም ብረቱም እንደ ዝርያውና እንደ አፈሩ ይለያያል፣ በዓይን አይቶ መለየት ደግሞ አይቻልም። አፍ የሚያደርቀው ታኒን ያለው ቆዳው ላይ ነው፣ ፕሮቲኑም ሆድ ውስጥ በደንብ እንዳይፈጭ ያደርጋል። ነጭ አበባ የሚያወጡ ዝርያዎች ላይ ታኒኑ አነስተኛ ነው፤ የኛ አገሩ ግን አበባው ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ስለሆነ ለሽሮና ለእልበት ስንፈጭ ከክተን ቆዳውን እናወጣለን። ቦቆልት ስታደርጉት ደግሞ ብረትና ዚንክ አንቆ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል፤ ሎሚ ጠብ ብታደርጉበት ብረቱን ሰውነት የበለጠ ይወስደዋል።

ከአሁን በኋላ በየጆንያው ላይ «ያገር» ወይም «ምርጥ ዘር» ብለን፣ የመጣበትንም ቦታ ጨምረን እንጽፋለን። ለክክ ከሆነ ትልልቁን ምርጥ ዘር ውሰዱ፣ ሲከካ ብዙ አይባክንም። ያገሩን ለንፍሮ የምትፈልጉ ግን ከማታው ዘፍዝፉት፤ አለዚያ ትንሹ ፈርሶ ትልቁ ጥርስ ይሰብራል።

ለዘር የምትወስዱ ካላችሁ ከሰኔ በፊት ንገሩን። ትልልቁን ለቅመን ሳይሆን እንዳለ ሰፍረን፣ የነቀዝ መድኃኒት ሳይነካው እናስቀምጥላችኋለን።

የጥራጥሬና ሽሮ ቤታችሁ፣ ደሴ