ፋይሉ የሚመረመርበት ሠራተኛ አስቀድሞ ይነገረው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ባወጣችሁት አንድ ጽሑፍ ላይ ካሊፎርኒያና መሰሎቿ የፌዴራሉን የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀበልም ብለው ሠራተኞችን ከመንግሥት እንደሚደብቁ አንብቤያለሁ። እኔ የምኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። በሰፈራችን አሜሪካ ልጅ ወይም ወንድም የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ጋዜጣችሁ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በማግስቱ አንዲት ጎረቤቴ ቴክሳስ ላለው ልጇ ደውላ «ጓዝህን ጠቅልለህ ካሊፎርኒያ ግባ፤ እዚያ ስቴቱ ራሱ ይከላከልልሃል፣ ማንም አይነካህም» ስትለው በጆሮዬ ሰማሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይህ ነው። ልጁ የእናቱን ቃል አምኖ ያለውን ሥራ ጥሎ ቢሄድ፣ እዚያ የሚጠብቀው ጋዜጣው ለእናቱ የነገራት ነገር አይደለም።

ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚሁ አዳማ በአንድ ፋብሪካ መዝገብ ቤት ነው። የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን የሠራተኛ ፋይል ምን እንደሆነ፣ ሲጎድልና ሲዛባም በሰው ላይ ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ልጄ ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። የመሥሪያ ቤቷ የሠራተኞች ፋይል በፌዴራሉ መንግሥት በተመረመረ ጊዜ ነገሩን ከእሷ ጋር እየተደዋወልኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከታትያለሁ፤ የላከችልኝንም ወረቀት ሁሉ መዝገበ ቃላት ይዤ አንብቤአለሁ።

ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥቀስና፣ መነሻው ፕሬዚዳንት ሬገን በ1986 የፈረሙት የፌዴራል ሕግ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም አሠሪ አዲስ የቀጠረውን ሰው፣ አሜሪካዊም ይሁን የውጭ ዜጋ፣ ሥራ በጀመረ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ማስረጃውን አይቶ አይ-ናይን የሚባለውን ፎርም መሙላት አለበት። ፈቃድ የሌለውን ሰው እያወቀ የቀጠረ አሠሪ ይቀጣል። ቅጣቱ የፌዴራሉ ብቻ ነው፤ ግዛቶች በዚህ ጉዳይ የራሳቸውን ቅጣት እንዳይጥሉ ሕጉ ይከለክላል። አንድ በር ግን ክፍት ትቷል፤ እሱም የንግድ ፈቃድ ነው።

አሪዞና በዚያ በር ገባች። በ2007 ባወጣችው ሕግ አሠሪዎች ሁሉ ኢ-ቬሪፋይ የተባለውን የፌዴራል የኮምፒውተር የሥራ ፈቃድ ማጣሪያ እንዲጠቀሙ አስገደደች፤ ፈቃድ የሌለውን አውቆ የቀጠረ የንግድ ፈቃዱ ይታገዳል፣ ከደገመ ይሰረዛል። ነጋዴዎች ተከራከሩ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2011 አምስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ለአሪዞና ፈረደ። በዓመቱ ያው ፍርድ ቤት ያችኑ አሪዞናን ረታት። ያለ ፈቃድ ሥራ የጠየቀውን ሠራተኛ ራሱን በወንጀል ልትቀጣ ብላ ነበር፤ ኮንግረሱ በወንጀል መቅጣት ያልመረጠውን ሰው ግዛቷ ልትቀጣው አትችልም ተባለ። ጽሑፋችሁ ይህን ዘሎታል። ከፌዴራሉ ሕግ ጋር የሚጋጩት ለስደተኛው የሚራሩ ግዛቶች ብቻ አይደሉም፤ የሚከብዱበትም ይጋጫሉ።

ካሊፎርኒያ በሌላ አቅጣጫ ሄደች። ገዥው ጄሪ ብራውን በኦክቶበር 2017 የፈረሙትና ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ የጸናው ሕግ ብዙ ነገር አንድ ላይ ይዞ ነበር። አሠሪው የዳኛ ማዘዣ ሳይቀርብለት የኢሚግሬሽን ፖሊሶችን፣ ልጆቻችን «አይስ» የሚሏቸውን፣ ለሕዝብ ክፍት ወዳልሆነው የሥራ ቦታ በፈቃዱ እንዳያስገባ ከለከለ። ያለ ሕጋዊ መጥሪያ የሠራተኛ መዝገብ እንዳያስረክብ፣ ሕግ ሳያስገድደው የሠራተኛውን የሥራ ፈቃድ እንደገና እንዳያጣራም አለ። በመጨረሻም፣ የአይ-ናይን ምርመራ ሊደረግበት መሆኑ የተነገረው አሠሪ በ72 ሰዓት ውስጥ ለሠራተኞቹ እንዲያስታውቅ አዘዘ። ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጥፋት ከ2,000 እስከ 5,000 ዶላር፣ ለተደጋገመ እስከ 10,000 ዶላር ነው።

በማርች 2018 የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር ካሊፎርኒያን ከሰሰ። ጉዳዩን የያዙት የሳክራሜንቶው ዳኛ ጆን ሜንዴዝ በጁላይ ሕጉን ከሁለት ከፈሉት። አታስገባ፣ መዝገብ አትስጥ፣ እንደገና አታጣራ የሚሉትን በግል አሠሪዎች ላይ እንዳይሠሩ አገዱ። ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ለመተባበር የፈለገን አሠሪ ግዛቷ በገንዘብ ልትቀጣው አይገባም ነው ነገሩ። ማስታወቂያውን ግን አልነኩትም። መንግሥት በዚህ ላይ ይግባኝ ቢልም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2019 የዳኛውን ውሳኔ አጸና፤ ማስታወቂያው በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለ ጉዳይ እንጂ በፌዴራሉ ሥራ ጣልቃ መግባት አይደለም ብሎ።

እንግዲህ እናንተ «ካሊፎርኒያ በሯን ትዘጋለች» ያላችሁት ያ ክፍል የታገደው ገና ሕጉ ከወጣ ዓመት ሳይሞላው ነው። ጎረቤቴ ልጇን ልትልክ ያሰበችው ወደሌለ መጠለያ ነው። የዳኛ ማዘዣ ይዞ የመጣን ፖሊስ ደግሞ ድሮም የሚያስቆመው የግዛት ሕግ አልነበረም፤ በጁን 2025 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ የልብስ መጋዘን ተከቦ ሠራተኞች ሲያዙ ዓለም በስልኩ አይቷል።

ዳኛው ያገዱት ቢታገድ አልተቃወምኩም። እኛም በፌዴራል ሥርዓት የምንኖር ነን። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 51 የኢሚግሬሽን፣ የፓስፖርት፣ የስደተኛና የጥገኝነት ጉዳይ የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ አንድ አገር ሲገቡበትና ሲወጡበት አንድ ሕግ ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የወጣው በፌዴራሉ ምክር ቤት ነው፤ ፋብሪካችን መጥቶ ፋይል የሚጠይቀኝ ተቆጣጣሪ ግን የክልሉ ቢሮ ሰው ነበር፤ ማንም አልተጣላም። እኔ የምሟገተው ለዚያች ለተረፈችው ማስታወቂያ ነው። እሷ ትልቅ ነገር ናት፤ እናንተ ግን በአንድ መስመር እንኳ አላነሳችኋትም።

በእኛው ፋብሪካ የሆነውን ልንገራችሁ። የትምህርት ማስረጃ ይጣራ የተባለ ጊዜ የስም ዝርዝር ተሰጠኝና ፋይሎቹን ከመደርደሪያ አውርጄ ለኮሚቴ አስረከብኩ። ለሠራተኛው እንዳይነገር ተባለ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አንድ የቦይለር ሠራተኛ ከሥራና ከደመወዝ ታገደ። የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቱ ላይ የአያቱ ስም «ኃይለሥላሴ» ተብሎ አንድ ላይ ተጽፏል፤ የቅጥር ፎርሙ ላይ «ሀይለ ስላሴ» ሆኖ ተለያይቷል፤ ኮሚቴው የሌላ ሰው ማስረጃ ነው አለ። ሰውየው ቢጠየቅ ከተማረበት ትምህርት ቤት አንድ ደብዳቤ አጽፎ የሚያስተካክለው ነገር ነበር። አልተጠየቀም። ሚስቱ ልጇን አዝላ በመዝገብ ቤቱ መስኮት «እትዬ፣ ባሌ ምን አድርጎ ነው?» ስትለኝ እኔም እንዳልናገር ታዝዣለሁ። በመጨረሻ ተጣርቶለት ወደ ሥራው ተመለሰ፤ የታገደበት ደመወዝ ግን ቀለጠ።

የእኛ ሰው ስም ባሕር ሲሻገር ደግሞ ይብሳል። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል፣ የአያት ስም መሃል ይገባል ወይም ይጠፋል። «ዮሐንስ» አንዱ ካርድ ላይ በአንድ ኤን፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤን ይጻፋል። የልደት ቀን በእኛ አቆጣጠር ተነግሮ በእነሱ ይመዘገባል። ኮምፒውተር ይህን ሁሉ የሚያየው እንደ ማጭበርበር ነው። የፌዴራሉ ኢ-ቬሪፋይ ራሱ ይህን ስለሚያውቅ መረጃው አልገጠመም ሲል አሠሪው ሠራተኛውን ለብቻው ጠርቶ እንዲነግረው ያዛል፤ ሠራተኛውም ጉዳዩን ማስተካከል እንዲጀምር ስምንት የመንግሥት የሥራ ቀን ይሰጠዋል። ስለዚህ ማስታወቅ ካሊፎርኒያ የፈጠረችው አመፅ አይደለም።

ልጄ ቤት የሆነው እንዲህ ነው። አንድ ማለዳ በእነሱ ሰዓት፣ ለእኛ አመሻሽ ላይ፣ የማስታወቂያ ፎቶ ላከችልኝ። የመግቢያ ሰዓት ከሚመዘገብበት ማሽን አጠገብ የተለጠፈ ነው፤ የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ስም፣ ደብዳቤው ለአሠሪው የደረሰበት ቀን፣ የሚመረመረው ምን እንደሆነ ተጽፎበታል፣ የደብዳቤው ቅጂም አብሮ ተያይዟል። በሁለተኛው ቀን ሱፐርቫይዘሩ ንግግራቸው ለየት የሚለውን ሠራተኞች ብቻ እየጠራ «አዲስ ወርክ ፐርሚት አምጡ» ማለት ጀመረ። የልጄ ካርድ ጊዜው አልፏል። ግን ጥገኝነት የተፈቀደላት ናት፤ ጥገኝነት የተሰጠው ሰው የመሥራት መብቱ ከዚያው ከጥገኝነቱ የሚመጣ ነው፣ ካርዱ ቢያልፍም መብቱ አያልፍም። ስትቀጠር ያሳየችው መንጃ ፈቃዷንና ገደብ የሌለበትን የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዷን ነው፤ ያ ለአይ-ናይን በቂ ነው።

ማስታወቂያው ባይለጠፍ ይህን ሁሉ የምታውቀው ከተባረረች በኋላ ነበር። ስለተለጠፈ ግን ቀን አገኘች። በነፃ ምክር የሚሰጡ ጠበቆች ዘንድ ሄደች፤ ያው የ1986ቱ ሕግ ራሱ፣ በ1990 እንደተሻሻለው፣ አሠሪ ሰውን በትውልድ አገሩ ወይም በዜግነቱ ለይቶ ትርፍ ወረቀት እንዳይጠይቅ ይከለክላል ብለው በጽሑፍ ሰጧት። ወረቀቱን ስታሳየው ሱፐርቫይዘሩ ተዋት። ሌሊቱን አልተኛሁም ነበር፤ «በቃ፣ ሥራዬ ላይ ነኝ» ብላ ስትደውል ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ጆርጂያ ያለው የሌላዋ ጎረቤቴ ልጅ ግን እንዲህ አልሆነለትም። ጆርጂያም እንደ አሪዞና ኢ-ቬሪፋይን ግዴታ ያደረገች ግዛት ናት፤ በ2011 ባወጣችው ሕግ ከአሥር በላይ ሠራተኛ ያለው የግል አሠሪ እንዲጠቀምበት አስገድዳለች፤ ምርመራ ሲመጣ ለሠራተኛው አስታውቅ የሚል የግዛት ሕግ ግን የላትም። ልጁ የመጋዘን ሠራተኛ ነው። ነገር መኖሩን ያወቀው ለማታ ሺፍት ሊገባ ሲል ባጁ በሩን አልከፍት ሲለው ነው። ወርክ ፐርሚቱን አድሷል፤ የታደሰው ካርድ ቅጂ ፋይሉ ውስጥ ስላልገባ ነው። ማስረጃው ኪሱ ውስጥ ነበር። እሱ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ የእናቱን የቤት ኪራይ እዚህ ፍራንኮ ጎረቤት ተዋጥተን ከፈልን።

ማስታወቂያ ፈቃድ የሌለውን ሰው እንዲሸሽ ያስጠነቅቃል የሚሉ አሉ። ሐሰት አይሉም። ከልጄ ጋር የምትሠራ አንዲት ሴት ማስታወቂያውን ባነበበች ማግስት ሥራውን ለቃለች። ነገር ግን የአይ-ናይን ምርመራ የወረቀት ምርመራ ነው፤ የሚመረመረውም አሠሪው ነው። ለእሱ ለራሱ ሕጉ ፎርሞቹን የሚያቀርብበት ሦስት የሥራ ቀን ይሰጠዋል፤ በሦስቱ ቀን ጠበቃ ያማክራል፣ ፋይል ያስተካክላል። ያ ለአሠሪው ሲሆን ሥርዓት ነው ከተባለ፣ ስሙና እንጀራው ፋይሉ ላይ ላለው ሰው ሲሆን ለምን መደበቅ ይባላል? ሴትየዋ ሥራውን ብትለቅ የፌዴራሉ መንግሥት ያጣው አንድም ወረቀት የለም፤ ፎርሟ እዚያው ፋይሉ ውስጥ ነው። የቦይለር ሠራተኛው ግን ሳይነገረው በመቅረቱ ያጣውን የመለሰለት የለም።

ኢሊኖይ ተመሳሳይ የማስታወቂያ ግዴታ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች፤ በዚያው ዓመት ሜይ ወር የፌዴራሉ መንግሥት እሷንም ከሰሳት። እናንተም በዚህ ጉዳይ ገና ብዙ ትጽፉበታላችሁ።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ የታገደውንና የጸናውን ለይታችሁ እንድታወጡ እለምናችኋለሁ። ከዚህ ሆነን በስልክ ለምንመክር ወላጆችም ጥቂት መስመር ብትጨምሩልን። በዳኛ የተፈረመ ማዘዣና የኢሚግሬሽን ሹም ራሱ የፈረመው ወረቀት አንድ እንዳልሆኑ ጻፉልን፤ ወደ ዝግ የሥራ ቦታ ያለ ፈቃድ የሚያስገባው የመጀመሪያው ነው። ያላነበቡትንና ጠበቃ ያላየውን ወረቀት እንዳይፈርሙ ጻፉልን። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ብቻ ሥራ አግኝ፣ አሜሪካዊ ነኝ ብለህም ቢሆን ሙላው» የሚለውን የሰፈራችንን ምክር አስጥሉልን፤ አይ-ናይን ላይ በሐሰት ዜጋ ነኝ ብሎ ምልክት ያደረገ ሰው ግሪን ካርድ የማግኘት ዕድሉን በአብዛኛው ለዘለቄታው ይዘጋል። የጎረቤቴ ልጅ እስካሁን ከቴክሳስ አልተነሳም፤ ጽሑፉ ቶሎ ከወጣ ይደርስለታል።

የልጄን ነገር ስላነሳሁ ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ይቆይልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣሁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
አዳማ