ዙሩ የእኔ ነው

ለንደን፣ ታኅሣሥ 6 ቀን

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? አባዬስ? ጉልበቱን ብርዱ አላስቸገረውም? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የሚያደርስልሽ ልጅ ሐሙስ ይበራል። በስልክ ብነግርሽ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሹ ይቀርብኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ። እህቴ ጮክ ብላ ታንብብልሽ፤ ለእሷም የሚሆን ነገር አለበት።

ትናንት ማታ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እራት ወጣን። የእነሱ ገና በፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 ነው። ወሩ ከገባ ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ሰው እየተሰበሰበ ይበላል። ከአረጋውያን መጦሪያችን ዘጠኝ ሆነን ሄድን። አንዷ ጋናዊት፣ ሁለት ፊሊፒናውያን፣ አንድ ፖላንዳዊ፣ የቀሩት የዚሁ አገር ሰዎች ናቸው።

የበላነው ፐብ ውስጥ ነው። መጠጥ ቤት ብዬ ብጽፍልሽ ሌላ ነገር ታስቢያለሽ። ስሙ የሕዝብ ቤት እንደ ማለት ነው። አያት ከልጅ ልጇ ጋር ምሳ ትበላበታለች። ውሻ ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ ባለቤቱን ይጠብቃል። ሲጋራ በፈረንጆቹ ከ2007 ጀምሮ ውስጥ አይጨስም። ምንጣፉ አሮጌ፣ መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ ሙቀቱ ግን ደስ የሚል ነው።

ከለንደን ብሪጅ ባቡር ጣቢያ ስንወጣ ትልቋ ባልደረባችን በአንድ የድሮ ግቢ አሳልፋ ወሰደችን። ጆርጅ ኢን ይባላል። እኛ የበላነው እዚያ ሳይሆን ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፤ እሷ ግን ሳታሳየን አላለፈችም። በፈረንጆቹ በ1676 በሰፈሩ ትልቅ እሳት ተነስቶ ከወደመ በኋላ እንደገና የተሠራ ቤት ነው። በፈረስ ጋሪ የሚመጣ መንገደኛ ያድርበት ነበር። ፎቁ ላይ የእንጨት ሰገነት አለው። ለንደን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰገነት ካላቸው የድሮ የመንገደኛ ማደሪያዎች የቀረው እሱ ብቻ ነው። ለአባዬ ንገሪው፤ የፒያሳን የእንጨት በረንዳዎች እያሰብኩ አንጋጥጬ ቀረሁ። መጥተው ጎትተው ወሰዱኝ።

ምግቡን ያዘዝነው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ወረቀት ይዞራል፤ ሁሉም ስሙን ጽፎ ይመርጣል፤ ገንዘቡንም ቀድሞ ይከፍላል። እኔ የነቢያት ጾም ላይ ስለሆንኩ ቪጋን ብዬ ጻፍኩ። ጾም ነው ብትይ ብዙ ማስረዳት አለብሽ። ቪጋን ስትይ ግን ሥጋም፣ ወተትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም እንደማትነኪ ወዲያው ይገባቸዋል። ለእነሱ ተርኪ የሚሉት እንደ ዶሮ ያለ ትልቅ ወፍ ከነስጎው መጣ። ለእኔ ደግሞ ለውዝና ምስር ተፈጭቶ እንደ ዳቦ የተጋገረ። ከጎኑ ካሮትና የተጠበሰ ድንች፤ ድንቹ ከላይ ደርቆ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ልል ነው። የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ጥቅል ጎመንም አለችበት። ስጎዬን አስተናጋጇ በትንሽ ማንቆርቆሪያ ለብቻ አመጣችልኝ። “ያኛው ከሥጋ ነው፣ እንዳትነኪው” ብላ በጣቷ ለየችልኝ። እማዬ፣ ጾሜን የማታውቅ ልጅ ጾሜን ስትጠብቅልኝ አይቼ ሆዴ ባባ።

ከመብላታችን በፊት ክራከር የሚሉት ነገር አለ። በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ነው። አንዱን ጫፍ አንቺ ትይዣለሽ፣ ሌላውን ጎረቤትሽ፤ ስትጓተቱ ጧ! ይላል። ከውስጡ የወረቀት ዘውድ ይወጣል። ሁሉም ዘውዱን ደፍቶ ነው የሚበላው። የእኔ አረንጓዴ ደረሰኝ፤ ሹሩባዬ ላይ ደፋሁት። ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ወር የቀራት ሴትዮ ቀይ ዘውድ ደፍታ ሥጋዋን በጸጥታ ስትቆርጥ ብታያት።

ሁሉም ከየሳህኑ ነው የሚበላው። ያዢ የለ፣ ጉረሺ የለ። ሒሳብ ላይም “እኔ ልክፈል” እየተባባሉ መታገል የለም። አባዬ አስተናጋጁን ጓሮ ድረስ ተከትሎ የሚከፍለው ነገር ትዝ አለኝ። እዚህ መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ይህን አይቼ ፍቅር የሌላቸው ሰዎች ናቸው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። እነሱም የሚገባበዙበት አላቸው፤ እኔ የት እንደሆነ አላየሁትም ነበር።

ፐብ ውስጥ መጠጥ የሚገዛው በዙር ነው። ዙር ስልሽ ያው አንቺ የምታውቂው የዕቁብ ዙር። አንዱ ይነሳና “ምን ላምጣላችሁ?” ይላል። ለሁሉም ገዝቶ ይመጣል። ብርጭቆው ሊያልቅ ሲል ሌላው ይነሳል። ማንም አይጽፍም፤ ግን የማን ተራ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ዘጠኝ ሰው ለአንድ ዙር ስለሚበዛ አራት አምስት እየሆኑ ይከፋፈላሉ።

አምና ይህን አላውቅም። ሦስት ጊዜ መጠጥ አመጡልኝ፣ ሦስት ጊዜ አመሰገንኩ። የጋበዙኝ መሰለኝ። እኛ ዘንድ የጋበዘ ጋበዘ ነው፤ ተጋባዥ ኪሱን አይነካም። ከዚያ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ። ማንም ምንም አላለኝም። ከወራት በኋላ ጋናዊቷ ጓደኛዬ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ቀስ ብላ ነገረችኝ። “እኔም ስመጣ አላውቅም ነበር” አለችኝ።

ክው አልኩ። ዕቁብ በልታ የጠፋችብሽ ሴትዮ ትዝ አለችኝ። ያኔ ከኪስሽ ሞልተሽ ለባለዕጣዋ ስትሰጪ አይቻለሁ። አንቺን ያሳዘነሽ ገንዘቡ አልነበረም። መንገድ ላይ ስታገኝሽ አንገቷን ደፍታ ማለፏ ነበር። እኔም ለካ ሳላውቀው የሰው ዙር በልቼ ስመላለስ ከርሜያለሁ።

ትናንት ታዲያ ሳህኑ እንደተነሳ ከሁሉም ቀድሜ ብድግ አልኩ። “ዙሩ የእኔ ነው፣ ምን ላምጣላችሁ?” አልኩ። ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ፖላንዳዊው ቀና ብሎ አየኝና የሚፈልገውን ነገረኝ። ሌሎቹም ቀጠሉ። ልክ ሁሌም ሳደርገው የኖርኩ ይመስል።

ባንኮኒው ጋ ሰልፍ የለም። ለአውቶቡስም ለፖስታም የሚሰለፍ ሕዝብ እዚህ ሲደርስ ጎን ለጎን ብቻ ይቆማል። ቀጂው ማን እንደቀደመ በዓይኑ ይይዛል። ተሳስቶ ከእኔ በኋላ የመጣውን ሰውዬ ሲጠይቀው ሰውዬው “እሷ ትቀድማለች” ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ሁለት ፓይንት ቢራ፣ አንድ ቀይ ወይን፣ አንድ የዝንጅብል ለስላሳ፣ ለእኔ የብርቱካን ጭማቂ አዘዝኩ። ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ ነው፤ እስከ አፉ ነው የሚሞሉት። ሦስቱን ብርጭቆ አንድ ላይ አጣብቄ በሁለት እጄ ያዝኳቸው። አረፋው በጣቶቼ መሃል እየወረደ፣ ዓይኔን ከብርጭቆው ሳልነቅል፣ በሰው መሃል ቀስ ብዬ ሄድኩ። አንድ ጠብታ መሬት አልነካም። ለቀሩት ሁለቱ ተመለስኩ።

29 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ሆነ። ከሁለት ሰዓት ሥራዬ በላይ ነው። ይህ ገንዘብ እዚያ ቤት ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ከአንቺ ደግሞ መደበቅ አልፈልግም። የወሩን አላጎደልኩም፤ ቅዳሜ አንድ ትርፍ ሺፍት ገብቼበታለሁ። ጡረታ ልትወጣ የቀረባት ሴትዮ ብርጭቆዋን ተቀብላ እጄን ያዝ አደረገችኝና “አመሰግናለሁ፣ የኔ ፍቅር” አለችኝ። እዚህ ይህን ለማንም ይላሉ። ለእኔ ግን ትናንት ለእኔ ብቻ የተባለ መሰለኝ።

እህቴ፣ አሁን ያንቺ ተራ። እዚህ ብዙ ቦታ ሒሳቡ ላይ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ብለው ይጨምራሉ። ድሮ ከዚያ የሚቆርጡ ባለቤቶች ነበሩ። በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ ግን ሕግ ወጣበት፤ ጉርሻው ለሠራተኛው ይከፋፈላል እንጂ ባለቤቱ ለራሱ አያስቀርም። አስተናጋጇን ትልቋ ባልደረባችን ጠየቀቻት፤ እንደሚደርሳት ነገረችን። አንቺ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ያገኘሽውን ጉርሻ ማታ ማታ አስቆጥረው ለሁለት የሚከፍሉብሽን አስቤ ተናደድኩ። ይህን ለሥራ ጓደኞችሽ ንገሪያቸው።

የዕቁብ ሰዎችሽን ሁሉ በያሉበት ሰላም በይልኝ። አባዬን ካልሲው ሱፍ ነው በይው፤ ሲተኛ ያድርገው። አረንጓዴውን ዘውድ አጥፌ እዚሁ ደብዳቤው ውስጥ ከትቸዋለሁ። ትንሽ ተጨማዷል። ለሚጣ ድፊላት፤ ከሰፋት ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ያዢላት።

ልጅሽ